ዴ ቫሌራን እኛ ስንመዝነው

ኢጣሊያ ልትወረን ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ጄኔቫ ላይ ቆሞ የተሟገተልን ሰው ነበር። ይኸው ሰው ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የኢጣሊያን ንጉሥ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ብሎ የሚጠራ ደብዳቤ ከመንግሥቱ ወደ ሮም እንዲሄድ አደረገ። ስሙ ኤይመን ዴ ቫሌራ ነው። የአየርላንድ መንግሥት መሪ፣ ኋላም ፕሬዚዳንት የነበረ።

የአገሩ ሰዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። አንዱ የአገር አባት ይለዋል፣ ሌላው ወንድም ከወንድም ያጋደለ ይለዋል። የሚከሱት በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ በሕገ መንግሥቱና ለሂትለር ሞት ለቅሶ በመድረሱ ነው። የእኛ ጉዳይ እዚያ ክርክር ውስጥ ብዙም አይነሳም። እኔ ግን ሰውየውን ለመመዘን ከኢትዮጵያ ጉዳይ የተሻለ ሚዛን የለም ባይ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ሐዋሳ ላደገ ሰው አየርላንድ የማያውቃት ሩቅ አገር አይደለችም። የአየርላንድ መንግሥት እርዳታ በሲዳማ ገጠር ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። አይሪሽ ኤይድ የሚለውን ስም ትልቁም ትንሹም ያውቀዋል። ስለ አየርላንድ ስታወሩ እዚህ ከተማ የምትሰሙት መልካም ነገር ነው። እኔም የአገሪቱን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ፣ ከእኛ ጋር ምን አገናኛቸው ብዬ ነው። እያነበብኩ ስሄድ ከዴ ቫሌራ ጋር ተገናኘሁ፣ ከዚያም መላቀቅ አቃተኝ።

ዴ ቫሌራ በ1882 ኒው ዮርክ ተወለደ። እናቱ አየርላንዳዊት ናት፣ አባቱ የስፔን ዘር ያለው ሰው ነው። ገና በሁለት ዓመቱ ወደ አየርላንድ ተላከና ሊምሪክ ውስጥ ብሩሪ በምትባል የገጠር መንደር አያቱ ዘንድ አደገ። ሒሳብ ተማረ፣ ሒሳብ አስተማረ። ረዥም፣ መነጽራም ሰው ነው። በ1916 የፋሲካ ሰሞን ደብሊን ላይ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ አመፅ ሲነሳ አንዱን ጦር መራ። አመፁ በሳምንቱ ተደመሰሰ፣ መሪዎቹ ተረሸኑ። እሱም ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረለትና በዓመቱ ተፈታ። ብዙም ሳይቆይ ግን እንደገና ታሰረ።

የሁለተኛው እስር ታሪክ በደንብ መነገር አለበት። እንግሊዝ አገር ሊንከን በሚባል እስር ቤት ውስጥ ነው። ዴ ቫሌራ ለእስረኞቹ በሚቀደሰው ቅዳሴ ላይ ያገለግል ነበር። እንደምንም አድርጎ የቄሱን ቁልፍ አገኘና በሻማ ሰም ላይ ጫን አድርጎ ቅርፁን ያዘ። የቁልፉ ሥዕል በገና ካርድ ላይ እንደ ቀልድ ተስሎ ከእስር ቤቱ ወጣ። ውጭ ያሉት ጓደኞቹ ቁልፍ ሠርተው ኬክ ውስጥ ደብቀው አስገቡ። አልከፈተም። እንደገና ተሞከረ። በመጨረሻ ያልተቀረጸ ቁልፍና ሞረድ በኬክ ገብቶ አንድ እስረኛ እዚያው ውስጥ ሞርዶ አስተካከለው። በፌብሩወሪ 3 ቀን 1919 ማታ ከውጭ ሆነው በሩ ላይ ከሚጠብቁት አንዱ የትግል ጓደኛው ማይክል ኮሊንስ ነው። ኮሊንስም የራሱን ቁልፍ ይዞ መጥቶ ነበር፣ በሩ ውስጥ ከቶ ሲያዞረው ተሰበረ። ዴ ቫሌራ ከውስጥ በራሱ ቁልፍ የተሰበረውን ገፍቶ አስወጣውና በሩ ተከፈተ።

ሁለቱ ሰዎች ይህን ያህል የሚተማመኑ ነበሩ። አራት ዓመት ሳይሞላ ግን ኮሊንስ ሞቷል፣ ዴ ቫሌራ በወዲያኛው ወገን ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1921 ከእንግሊዝ ጋር ተኩስ ቆሞ ድርድር ሲጀመር ዴ ቫሌራ ራሱ ለንደን አልሄደም፤ ኮሊንስንና አርተር ግሪፊዝን ላከ። ለምን ራሱ አልሄደም የሚለው ጥያቄ መቶ ዓመት ሙሉ ሲያከራክር ኖሯል። የተላኩት ሰዎች በዲሴምበር ስምምነት ፈረሙ። አየርላንድ ራሷን ታስተዳድራለች፣ ግን ከእንግሊዝ ግዛት አልወጣችም፤ የፓርላማ አባላቷም ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ እንሆናለን ብለው ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። ዴ ቫሌራ አልቀበልም አለ። የደብሊኑ ፓርላማ 64 ለ57 ስምምነቱን አጸደቀው፣ እሱም ተነስቶ ወጣ። በ1922 መጀመሪያ በየከተማው እየዞረ የአየርላንድን ነፃነት የሚፈልግ በወንድሞቹ ደም ላይ መረማመድ ሊኖርበት ይችላል የሚል ንግግር አደረገ። ማስጠንቀቂያ ነው ያልኩት፣ ቅስቀሳ አይደለም ብሎ ራሱን ተከላክሏል። እኔ ይህን መከላከያ አልቀበልም። የተናደደና የታጠቀ ወጣት ፊት ቆመህ ስለ ወንድም ደም ስታወራ ወጣቱ ምን እንደሚሰማ ታውቃለህ። ይህን ለማወቅ አየርላንዳዊ መሆን አያስፈልግም፣ እኛም አገር አይተነዋል።

በጁን ስምምነቱን በደገፉትና በተቃወሙት መካከል የእርስ በርስ ጦርነቱ ተጀመረ። ኮሊንስ ኦገስት 22 ቀን በ31 ዓመቱ ኮርክ ውስጥ መንገድ ላይ አድፍጠው በጠበቁት ሰዎች ተገደለ። ታሪኩን በፊልም ያየ ሰው ዴ ቫሌራ ያስገደለው ይመስለዋል። በዚያ ሰሞን በአካባቢው ነበር፣ ይህ እውነት ነው። አዘዘ የሚል ማስረጃ ግን የለም። ያላደረገውን አንጫንበት፣ ያደረገው ይበቃዋል።

አሁን ቃለ መሐላውን አስታውሱ። ለእሱ ሲባል ሰው ሞቷል። ዴ ቫሌራ ጦርነቱን ከተሸነፈ በኋላ በ1926 ፊያና ፎይል የሚባለውን ፓርቲ አቋቋመ፣ በ1927 ፓርላማ ለመግባት ያንኑ ቃለ መሐላ የያዘ መዝገብ ላይ ፈረመ። መጽሐፍ ቅዱሱን ከፊቱ አስነስቶ፣ ይህ መሐላ አይደለም፣ ባዶ ቃል ነው ብሎ።

በዚህ ብዙዎች ይሳለቁበታል። እኔ ግን በዚህ አልከሰውም፤ እንዲያውም ከሠራቸው ሥራዎች ትልቁ ይህ ይመስለኛል። የተሸነፉትን፣ ጠመንጃቸውን ቀብረው ቂም ይዘው የተቀመጡትን ሰዎች ይዞ ወደ ምርጫ ገባ። በ1932 አሸነፈ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጦር ሜዳ ያሸነፉት ሰዎች ለተሸነፈው ሰው ሥልጣን በሰላም አስረከቡ። ይህ ለሁለቱም ወገን ክብር ነው። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም አገር በቀላሉ አይገኝም። ሥልጣን ከያዘ በኋላም ቃለ መሐላውን በሕግ አስወገደው። ፍጥጫውን በፓርላማ ጨረሰው። ያኔ በ1922 ለምን እንዲህ አላደረገም የሚለውን ግን የሞቱት ልጆች እናቶች ናቸው መጠየቅ የነበረባቸው።

ወደ ጄኔቫ እንሂድ።

ሴፕቴምበር 1935 ነው። የሙሶሊኒ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ ተከማችቷል። የመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ላይ ዴ ቫሌራ ተነሳ። የንግግሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በመካከላችን ያለችው ደካማዋ አገር እንኳ ነፃነቷን በግፍ ስትነጠቅ ዝም ካልን የዚህ ማኅበር መሠረት ፈርሶ አፈር ይሆናል። ኦክቶበር 3 ቀን ኢጣሊያ መረብን ተሻገረች። አየርላንድ ማዕቀቡን ለመፈጸም ሕግ አወጣች።

ይህ ለእሱ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሕዝቡ አብዛኛው ካቶሊክ ነው፣ ሮም የጳጳሱ መቀመጫ ናት። ኦወን ኦዳፊ የሚባለው ጄኔራል ሙሶሊኒን በአደባባይ ይደግፍ ነበር። ከዚህም ሌላ አየርላንድ ያን ጊዜ ከእንግሊዝ ጋር ከባድ የንግድ ጦርነት ላይ ነበረች፣ ገበሬው ከብቱን የሚሸጥበት አጥቶ ተማርሯል። ታዲያ ተቃዋሚዎቹ ምን አሉት? ጄኔቫ ላይ ከእንግሊዝ ጎን የምትቆም ከሆነ ዋጋ አስከፍላት፣ በኢትዮጵያ ጉዳይ ደግፈናችኋልና ለእኛ ይህንን ልቀቁልን በል። እሱ እምቢ አለ። የፈረምነው ቃል ኪዳን ነው፣ ቃል ኪዳን ደግሞ የገበያ ዕቃ አይደለም የሚል አቋም ያዘ። እኔ ይህን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው። በዚያ ዓመት እኛን መደራደሪያ ሊያደርገን ያልፈለገ መሪ ነበረ። እንግሊዝና ፈረንሳይ እኮ ያን ጊዜ በጓሮ በር ከሙሶሊኒ ጋር አገራችንን ሊቆራርሱ ይዶልቱ ነበር። በማዕቀቡ ውስጥ ነዳጅ አልተካተተም። ስዊዝ ካናል አልተዘጋም። መርዝ የጫነው አውሮፕላን ነዳጁን በገንዘቡ እየገዛ ነው የፈጀን።

ጁን 30 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ፉጨት እንደለቀቁባቸው ሁላችንም እናውቃለን። ከሁለት ቀን በኋላ ዴ ቫሌራ ምን እንዳለ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እዚህ የተቀመጠ ትንሽ አገር ሁሉ የኢትዮጵያ የዛሬ ዕጣ ነገ የእኔ ሊሆን ይችላል የሚለውን ማስጠንቀቂያ እውነትነት አይሰማውም ወይ ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎ የተናገረው ግን የኋላውን ነገር ሁሉ የሚያስረዳ ነው። ትንንሽ አገሮች በትልልቆቹ ጉዳይ አቅም የላቸውም፤ ማድረግ የሚችሉት የማንም ኃያል መሣሪያ ላለመሆንና ሳይፈልጉ ጦርነት ውስጥ ላለመግባት መቁረጥ ብቻ ነው አለ። በአጭሩ ከራስ በላይ ነፋስ። ከእኛ ውድቀት የተማረው ትምህርት ይህ ነበር። አየርላንድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ የሆነችበት መንገድ የተጠረገው ያን ቀን ነው።

ልብ በሉ፣ እሱ ይህን ሲናገር ኢትዮጵያ ገና አልተያዘችም። አዲስ አበባ ወድቃለች እንጂ ሲዳሞ አልወደቀችም። ራስ ደስታ ዳምጠው ይርጋለምን ይዘው ይዋጉ ነበር። ይርጋለም ማለት ከሐዋሳ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የእኛ አያቶች በሲዳማ ደጋ ላይ እየሞቱ ሳለ ጄኔቫ ላይ ጉዳዩ አብቅቷል ተብሎ ማዕቀቡ እንዲነሳ ተወሰነ፤ አየርላንድም ከተስማሙት አንዷ ነበረች። ራስ ደስታ በፌብሩወሪ 1937 ተይዘው ተገደሉ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1929 ነው፣ የካቲት 12 የአዲስ አበባ ሕዝብ በተጨፈጨፈበት በዚያው ሰሞን።

ደብዳቤው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አየርላንድ ሮም ላይ አዲስ ሚኒስትር፣ ማለትም የአገር መልእክተኛ፣ ልትሾም ፈለገች። የሹመት ደብዳቤው ለኢጣሊያ ንጉሥና ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ተጻፈ። በ1936 ዴ ቫሌራ ራሱ ባወጣው ሕግ መሠረት ደግሞ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚፈርመው የእንግሊዝ ንጉሥ ነው። ስለዚህ እንግሊዝ ራሷ ለኢጣሊያ ወረራ ገና በይፋ እውቅና ሳትሰጥ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ በአየርላንድ ስም እውቅና ሰጡት ማለት ነው። ግራዚያኒ ደብረ ሊባኖስ ላይ መነኮሳቱን ከረሸነ በኋላ። አበበ አረጋይ ሸዋ ላይ፣ በላይ ዘለቀ ጎጃም ላይ ጫካ ውስጥ እያሉ።

የሰውየው መከላከያ ቀላል ነው። ሮም ላይ ወኪል እንዲኖረን ከተፈለገ የሚጻፈው እንዲህ ነው፤ የፕሮቶኮል ጉዳይ ነው።

ፒያሳ አካባቢ ጀበና ቡና ስንጠጣ ይህን ጉዳይ ለአንድ ጎረቤቴ አነሳሁላቸው። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ሁሉም ሲያንሾካሹክ ጮክ ብሎ ተናግሮልናል» አልኳቸው።

«ተናገረ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደብዳቤው ሄደ። ግን አገሩ ትንሽ ናት። እንግሊዝና ፈረንሳይም እኮ በ1938 እውቅና ሰጥተዋል። እሱ ብቻውን ምን ያድርግ?»

«ልጄ፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ሜክሲኮስ ምን ጉልበት ነበራት? እምቢ አለች፣ እስከ መጨረሻው እውቅና አልሰጠችም። አዲስ አበባ ታክሲ ላይ ሜክሲኮ ሜክሲኮ እያለ የሚጠራው ረዳት ስሙ ከየት እንደመጣ ላያውቅ ይችላል፤ አደባባዩ ግን አለ። የአየርላንድ አደባባይ የታለ?»

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጋሼ ጉዳዩን ከሜክሲኮ ጋር ማነጻጸራቸው ትክክል ቢሆንም ለእኔ የሚከብደው ከራሱ ከዴ ቫሌራ ጋር ሲነጻጸር ነው። ሌላ መሪ ቢሆን ወረቀት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ይህ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ከጓደኞቹ ጋር የተለያየ ሰው ነው። ወረቀት ላይ የሰፈረ ማዕረግ፣ ንጉሥ የሚል ስም፣ ታማኝ እሆናለሁ የሚል ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቃሉ የአየርላንድን ነፃነት ሲነካ ሕይወት የሚከፈልበት ነገር ሆነ። የእኛን ነፃነት ሲነካ ፕሮቶኮል ሆነ። እሱ በ1922 «ንጉሥ» የሚለውን ስም መቀበል ካቃተው፣ ጫካ የገቡት አርበኞቻችን «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ቪክቶር ኢማኑኤል» የሚለውን ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

ሜይ 2 ቀን 1945 ያደረገውም ከዚህ የተለየ አይደለም። የሂትለር ሞት በተሰማ ማግሥት ደብሊን ወደሚገኘው የጀርመን ሚኒስትር ሄዶ ሐዘኑን ገለጸ። ኤድዋርድ ሄምፔል ይባላል ሚኒስትሩ። ዴ ቫሌራ ለሂትለር አዝኖ አልነበረም፤ ናዚም አልነበረም፣ የ1937ቱ ሕገ መንግሥቱ የአይሁድን የሃይማኖት ማኅበር በስሙ ጠቅሶ እውቅና የሰጠ ነው። ለሩዝቬልት ሞት ሐዘኑን ገልጿልና ለጀርመንም ካልገለጸ ነውር ነው ብሎ አስቦ ነው። ግን ያን ጊዜ ቡኸንቫልድና በርገን በልሰን የሚባሉት የናዚ የእልቂት ካምፖች ተከፍተው ዓለም ሬሳውን አይቷል። ከወጉ ሥር ሰው እንዳለ ማየት አልቻለም ወይም አልፈለገም። ለቅሶ መድረስ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፣ በጠላት ቤት እንኳ ይደረሳል። ለገዳዩ ሄደህ የተገደሉትን ቤት ግን ዘለህ አታልፍም።

ስለ ሌላው ሥራው ብዙ ማለት ይቻላል። ያው ሕገ መንግሥት የሴትን ቦታ ቤት ውስጥ አድርጎ ጽፏል፣ አንቀጹን ለመቀየር በማርች 2024 የተደረገው ሕዝበ ውሳኔም ሳይሳካ ቀርቶ እስካሁን አለ። በ1950ዎቹ ሥራ አጥተው ከአገር የወጡት ወደ 400 ሺህ ይጠጋሉ፤ ከዚያ አሥር ዓመት ግማሽ ያህሉን የመራው እሱ ነው። ስደት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ቁጥር ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1938 ከእንግሊዝ ጋር የንግድ ጦርነቱን ጨርሶ ወደቦቹን ማስመለሱና በዓለም ጦርነት አገሩን ከእልቂት ማውጣቱ ደግሞ ማንም የማይነፍገው ነው። በ1941 ጀርመን ቤልፋስትን ስትደበድብ፣ ገለልተኛ ነኝ ሳይል ከደብሊን የእሳት አደጋ መኪናዎችን ድንበር አሻግሮ ልኳል። ሲፈልግ ከወጉ ሥር ያለው ሰው ይታየው ነበር ማለት ነው።

ከ1959 እስከ 1973 ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ሲወርድ 90 ዓመቱ ነበር፣ ዓይኑም ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። በ1963 ለኬኔዲ ቀብር ዋሽንግተን ሲሄድ ንጉሠ ነገሥታችንም እዚያው ነበሩ። የሞቱት ደግሞ በሁለት ቀን ልዩነት ነው፤ ንጉሡ ነሐሴ 21 ቀን 1967፣ እሱ ነሐሴ 23፣ በእኛ አቆጣጠር።

ታዲያ ፍርዴ ምንድን ነው? በ1935 ያደረገውን ወስጄ ለኢትዮጵያ ወዳጅ ነበር ማለት አልችልም፣ ደብዳቤውን ወስጄ ከሃዲ ነው ማለትም አልፈልግም። የእኛ ወገን የሆነው የመርህ ሰው ስለነበር ነው፤ ያ መርህ ከአገሩ ጥቅም ጋር ሲጋጭ አገሩን መረጠ። በዚህ ብቻ ልወቅሰው አልችልም፣ የትኛውም መሪ ለአገሩ ነው የሚሾመው። የምወቅሰው ምርጫውን ምርጫ ብሎ ባለመጥራቱ ነው። እኔ ትንሽ ነኝ፣ አልቻልኩም፣ ይቅር በሉኝ ቢል ጋሼም እኔም እንረዳው ነበር። ወግ ነው ብሎ ማለፉ ግን ጄኔቫ ላይ የተናገረውን ራሱ ያረከሰው ይመስለኛል።

የእሱ ስም ያለበት መንገድ እዚህ አያስፈልገንም። ንግግሮቹ ግን ልጆቻችን የሚማሩበት የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ መግባት አለባቸው፣ የ1935ቱም የ1936ቱም፣ ከሥራቸውም ወደ ሮም የሄደው ደብዳቤ። ልጆቹ ሦስቱን አንብበው ይከራከሩ። ጋሼ በዚህ ተስማምተዋል፣ ደብዳቤው ከላይ ይሁን ብለው ነው እንጂ።